ከሬንተን እስከ ኦሎምፒያ፦ ድምፁና ገንዘቡ

በዋሽንግተን ስቴት ምርጫ እንዴት እንደሚጠበቅ ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከሲያትል በስተደቡብ ወዳለችው ሬንተን ይሂድ። የኪንግ ካውንቲ ምርጫ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የሥራ አዳራሹን የሚዞር ባለመስታወት መተላለፊያ አለው፤ የፈለገ እየዞረ ያያል። የስቴቱ ሕዝብ የሚመርጠው በፖስታ ስለሆነ ሠራተኞቹ ፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ያስተያያሉ። ከገጠመ ይከፈታል፤ ካልገጠመ መራጩ እንዲያስተካክል ይነገረዋል።

ለዘመቻ የሚወጣው ገንዘብ ግን እንዲህ ቆመው የሚያዩት ነገር አይደለም።

ወደ ሲያትል እንሂድ። የከተማዋ መራጭ በ2015 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ራሱ ላይ የንብረት ግብር ጨምሮ የዴሞክራሲ ቫውቸር የሚባለውን አመጣ፦ ለአንድ ሰው ለዕጩ ዘመቻ የሚለግሰው ባለ 25 ዶላር አራት ወረቀት። የዕጩውን ስም ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ሐበሻው ልብ ይበል፦ ድምፅ መስጠት የማይችለው ባለ ግሪን ካርድም ዕድሜው 18 ከሞላ ይደርሰዋል። ትልቁ ገንዘብ ግን በሌላ በር ገባ። በ2019 አማዞን ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ፣ ለዕጩዎች ሳይሆን ለአንድ የፖለቲካ ኮሚቴ፣ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠ። ኮሚቴው ከደገፋቸው አብዛኞቹ ተሸነፉ። ምክር ቤቱ በ2020 መጀመሪያ ከተወሰነ መጠን በላይ የውጭ ድርሻ ያለባቸውን ኩባንያዎች ከእንዲህ ያለው ወጪ ከለከለ።

ኦሎምፒያ የስቴቱ የዘመቻ ገንዘብ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በ1972 በሕዝብ ድምፅ ተቋቋመ፤ አገረ ገዢው ከሚሾማቸው አምስት ኮሚሽነሮች ከሦስት በላይ የአንድ ፓርቲ ሰዎች መሆን አይችሉም። የማን ገንዘብ ለማን እንደገባ ማንም ቤቱ ተቀምጦ ድረ ገጹ ላይ ያነባል። የ1972ቱ ሕግ ማስታወቂያ የሚሸጥ ሁሉ ማን እንደከፈለው ለጠየቀው እንዲያሳይ ያዝዝ ነበር፤ በ2018 ይኸው ግዴታ ለኢንተርኔት ማስታወቂያ ተብራርቶ ተጻፈ። የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ፌስቡክን በዚህ ከሰሰና በ2022 ዳኛው 822 ጥሰት ቆጥረው በእያንዳንዱ 30,000፣ በድምሩ 24.7 ሚሊዮን ዶላር ግድም ቀጡት። ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ነው፤ ለዚያ ኩባንያ ግን የሻይ ሳንቲም። የሚታደስ ነገር ካለ ይኼ ጣሪያ ይታደስ እላለሁ።

የሲያትል መራጭ ቫውቸሩን በ2025 ለተጨማሪ 10 ዓመት አጽድቆታል። ለተመዘገበ መራጭ በፖስታ ይላካል፤ ባለ ግሪን ካርድ ግን ማመልከት አለበትና አመልክቱ።