የሰው ስህተት ሲጣፍጥ

ባዮሎጂ ሳስተምር ደጋግሜ የማወራው አንድ ታሪክ ነበረኝ። በ1975 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዊው ተመራማሪ የሮበርት ጋሎ ቡድን ከደም ካንሰር ታማሚ ሴሎች አዲስ የሰው ሬትሮቫይረስ አገኘሁ አለ። ኤችኤል23 ተባለ። ኋላ ሲጣራ ግን የጊቦንና የሌሎች ጦጣዎች ቫይረስ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀላቅሎ ተገኘ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ታሪኩ እውነት ነው። እኔ የጨመርኩት መደምደሚያ ግን እውነት አልነበረም፤ «ከጦጣ መጥቶ ሰውን የደም ካንሰር የሚያሲዝ ቫይረስ የለም» እል ነበር። ዋሸሁ ማለት ይከብደኛል፣ አምኜበት ነበርና። ቢሆንም ማመኔ አያነጻኝም፤ ማጣራት እችል ነበር፣ አልፈለግሁም። ያን ጊዜ ምክንያቴን ጥርጣሬ፣ ሳይንሳዊ ጥንቃቄ እለው ነበር። ዛሬ ሳየው፣ ዝነኛ ሰው ሲወድቅ ማሳየት እኔን ከፍ ያደርገኝ ነበር። ታሪኩ ከዚያ ቢቀጥል ሳቁ ይቀራል።

ደግሞም ቀጥሏል። ያው ቡድን በ1980 ኤችቲኤልቪ 1 የተባለውን ቫይረስ ከታማሚ ለይቶ አወጣ፤ ይሄኛው ብክለት አልነበረም። የጃፓን ሐኪሞች በ1977 ለገለጹት የአዋቂዎች የደም ካንሰር መንስኤው እሱ ሆኖ ተገኘ። በ1982 ደግሞ በጃፓን ማካክ ጦጣዎች ደም ውስጥ የቅርብ ዘመዱ ምልክት ታየ።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ያውም ስለ ጡት ማጥባት ሳነብ ነው። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በዋናነት በጡት ወተት ይተላለፋል፤ ናጋሳኪ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች እየተመረመሩ፣ ቫይረሱ ያለባቸው እንዳያጠቡ ይመከሩ ነበር። እዚያ ገጽ ላይ አንዲት ተማሪ ትዝ አለችኝ። «ወደ ሰው ግን በጭራሽ አይተላለፍም?» ብላኝ ነበር። «ነገርኩሽ እኮ» ብዬ አስቀመጥኳት። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ጋሎን ማየት የፈለገውን አየ ብዬ ስስቅበት፣ እኔም ማንበብ የፈለግሁትን ብቻ አንብቤ ቆሜ ነበር። እሱስ ተመልሶ ፈተሸ።

ማረሚያው እነሆ፤ ለእነዚያ ተማሪዎች ይድረስ አይድረስ ባላውቅም። የጦጣዎቹ ቫይረስ፣ ኤስቲኤልቪ 1፣ በተለያየ ጊዜ ወደ ሰው ተሻግሯል፤ በንክሻና በአደን ወቅት በሚነካ ደም ዛሬም ሊሻገር ይችላል። በሰው ላይ ኤችቲኤልቪ 1 የምንለው የዚያ ዘር ነው። ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም፤ ጥቂቶቹ ከአሥርት ዓመታት በኋላ በደም ካንሰር ይያዛሉ። ይህ ማንንም አያስቅም፤ ምናልባት ለመናገር የዘገየሁትም ለዚሁ ይሆናል።