ቃል የሌለው ዘፈን

ጎጃም የቃል አገር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ያደገ ሰው ዘፈን ሲሰማ አስቀድሞ የሚያዳምጠው ግጥሙን ነው። አዝማሪ ጎበዝ የሚባለው ጣቱ ስለፈጠነ ሳይሆን ስንኙ ሰምና ወርቁን ይዞ ስለወረደ ነው። መሰንቆውም ቃሉን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አይቀድመውም። እነ ዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ በዘረጉበት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በተወለዱበት ምድር ይህ መሆኑ አያስገርምም። እኔም የዚሁ ጆሮ ወራሽ ነኝ። ስለዚህ ስለ ዋልያስ ባንድ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሳ አንድ ጥያቄ ከፊቴ ይቆማል፤ ቃል የሌለውን ዘፈን የምንሰማው በየትኛው ጆሯችን ነው?

ለብዙዎቻችን በመሣሪያ ብቻ የሚቀርብ ሙዚቃ የክፍተት መሙያ ነበር። በሬዲዮ አንዱ ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ይለቀቃል። በዚያች ጊዜ በቤቱ ያለው ሰው ጨዋታውን ይቀጥላል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ልጅ ይላካል። «ማን ነው የሚጫወተው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ካሴቱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላስተማረንም። በሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ፎቶና ስም ጎልቶ ይታያል፤ ያጀበው ባንድ ስም ከተጻፈም ከግርጌ በደቃቁ ነው። ባለ ሳክስፎኑ ማን እንደሆነ፣ ኦርጋኑን ማን እንደተጫወተ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ዋልያስ ባንድ ይህን ልማድ ደፍሮ የተሻገረ ቡድን ነው። ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች እንስሳ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው አይቤክስ ባንድም የዚያኑ ዓይነት እንስሳ ስም በእንግሊዝኛ ይዞ ኖሯል፤ ከእርሱም ውስጥ በኋላ ሮሃ ባንድ ወጥቷል። በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋልያዎቹ የአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ባንድ ሆነው ለዓመታት ተጫውተዋል። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖና በቅንብር፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም። ስማቸውን በተርታ የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከግርጌ በደቃቁ የተጻፈ ስም አንድ ጊዜ እንኳ በሙሉ ቁመቱ ቢጻፍ ይገባዋል።

ዘመኑ ለዘፈን የሚመች አልነበረም። ደርግ የሰዓት እላፊ ጥሎ ከተማው በጊዜ ይዘጋ ነበር። ሆኖም ሙዚቃው አልሞተም። እንግዳው ከእላፊው በፊት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የታገደ ታዳሚ ያለው ባንድ ዜማውን ለማሳጠር የሚያስገድደው ነገር የለም። እንዲህ ባለ ሌሊት ኦርጋኑ ቀስ እያለ ሲዞር፣ ትራምፔቱ ሲመልስለት፣ ቃል የግድ አያስፈልግም ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በሚያስፈራ ዘመንም ቃል የሌለው ነገር በቃሉ አይያዝም።

በ1975 «ትዝታ» የተሰኘውን ካሴት፣ በ1977 ደግሞ «ቼ በለው»ን በሸክላ አወጡ። «ቼ» ፈረስን ወደፊት የምናስነሳበት ድምፅ ነው፤ ቃል ለመሆን ጥቂት የቀረው ድምፅ። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ዜማቸው ያለው በዚሁ ሸክላ ውስጥ ነው። ድምፃዊ ሳይኖር ሙሉ ሸክላ ማሳተም በእኛ አገር ያልተለመደ ነበር። ገበያው ዘፋኝ ይፈልጋል፤ እነርሱ ግን አጃቢ የሌለው አጀብ አቀረቡለት።

በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከጉዞው በኋላ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ባንድ ሲከፈል እንደ ርስት ተመትሮ አይከፈልም፤ ዜማው ከማን ጋር እንደሄደ የሚያውቅ ዳኛም የለም። ግርማ በየነ ዓመታትን በነዳጅ ማደያ ሠርቶ አሳለፈ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን፣ አኮርዲዮኑንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹን ደራርቦ፣ አንድ ካሴት ቀረፀ፤ ከዚያም መድረኩን ትቶ የታክሲ መሪ ጨበጠ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ከባዕድ ቤት የሚሻል አንዳንድ ጊዜ እንደሚገኝ ለማስታወስ አንድ የእንግሊዝ ባንድ ልጥቀስ። ቡሽ የተባለው የሮክ ቡድን በ1992 ለንደን ተመሠረተ። በ1994 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ በአሜሪካ በሚሊዮን ሲሸጥ፣ በገዛ አገሩ ያሉ ሐያስያን ግን የሲያትሎቹን የእነ ኒርቫናን ድምፅ የሚቀዳ አስመሳይ አድርገው ቆጠሩት። በ2002 ተበተነ፤ በ2010 ደግሞ ተመልሶ ተሰባሰበ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚለው ቃል ለለንደንም ይሠራል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የቡሽ ሥራ ሲበተንም በየመደርደሪያው ነበር፤ የሚሰበሰብበት ጊዜ ሲደርስ የሚጠብቀው ሰው አላጣም። የዋልያስ ሸክላ ግን ታትሞ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የጠበቀው የሰው ትዝታና የሱቅ አቧራ ብቻ ነው።

የኃይሉን ካሴት ከአቧራው ያነሳው ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ያገኘው ደግሞ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ባሕር ዳር ከተማ ነው። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ በ2014 «ቼ በለው» ተከተለ፤ በ2021 «ትዝታ»። ኃይሉ ከታክሲው ወርዶ የዓለምን መድረኮች ዞረ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ጋር ሆኖ ወደ ሸክላ ተመለሰ። በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። በዚያ ካሴት ፊት ለፊት ስንቶቻችን አልፈናል? ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በቡሬ ወይም በሞጣ በኩል ባሕር ዳር መግባት ለእኛ የዕለት ጉዞ ነው፤ ሰውየው የመጣው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። የእርሱን ብልጫ የፈጠረው እውቀት አይመስለኝም። አማርኛውን ስለማያውቅ ቃል አልጠበቀም፤ ቃል ስላልጠበቀም የጎደለ ነገር አልታየውም።

እኛስ በእውነት ቃል ብቻ ነን? የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ከሰው ተለይቶ ከጫካ ሲቀመጥ አስቡት። ጉባኤ ቃናም ይሁን ሌላው፣ የዜማው ልክ አስቀድሞ በውስጡ አለ። ቃሉ ገና አልመጣም። ተማሪው በዚያ ባዶ ልክ ውስጥ ዝም ብሎ ይመላለሳል፣ ይመዝናል፣ ይጠብቃል። ያ ጥበቃ ራሱ ሙዚቃ ነው። የምናደንቀው መጨረሻ ላይ የወጣውን ቃል ስለሆነ ብቻ ልኩን ረሳነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ደጋግሜ ስሰማ የሚታየኝ ይኸው ነው፤ ቃሉን ሳያስገባ ልኩን ብቻ ያቆመ ቅኔ። እንዲህ ከሆነ የጎጃም ጆሮ ለዚህ ሙዚቃ ባዕድ አይደለም፤ ምናልባትም ከማንም በፊት ሊሰማው የሚገባ ጆሮ ነው።

የካሴት ዘመን አልፏል። ማጫወቻው ተበላሽቷል፤ ክሩ በልጆች እጅ ተጎልጉሏል፤ ሱቁ ስልክ መሸጫ ሆኗል። ነገር ግን በየቤታችን ቁምሳጥን ሥር፣ በአሮጌ ካርቶን ውስጥ የተረፈ ይኖራል። ከመጣላችን በፊት ሽፋኑን እንገልብጠውና ከግርጌ በደቃቁ የተጻፉትን ስሞች ድምፅ አውጥተን እናንብባቸው።