ያረጀ ቮልስ፣ ምትክ ዕቃና የአገር ሒሳብ

በአገራችን ስለ መኪና የሚወጣው መመሪያም ሆነ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚገባው መኪና ነው። ቀድሞ ገብቶ ከእኛ ጋር ስላረጀው የሚናገር ጥቂት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ልዩነት ከ100 ብር አለፈ። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም የፖሊሲ ክርክር ናቸው። ዲላ ላይ ግን የፍሬን ሸራ ዋጋ ናቸው።

አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ እኔ የምነዳው ቮልስ ነው። ይህች መኪና በታሪካችን የራሷ ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በእንዲህ ያለችው ቮልስዋገን ነበር። ከዚያ ወዲህ ደርግ አለፈ፤ ኢሕአዴግም አለፈ፤ ቮልስ ግን ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ትታያለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ዕድሜዋን የሚያራዝምላት ጠጋኙ ብቻ ነው።

ምትክ ዕቃ የድህነት ምልክት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለእነርሱ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ዛሬ በዓለም ገበያ እጅግ በውድ ከሚሸጡት የስፖርት መኪኖች አንዱ የሆነው ፖርሽ 356፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲወለድ ሞተሩ፣ ፍሬኑና መሪው በአብዛኛው ከቮልስ የተወሰዱ ነበሩ። ጦርነት ባደቀቀው አገር ሌላ ዕቃ አልነበረም። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድርም ይህችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 በጭቃና በአቧራ ላይ አሸንፋለች። ያለውን አዋህዶ መሥራት፣ እንግዲህ፣ የዕውቀት ሥራ ነው።

ዕውቀቱ ምን እንደሚመስል በዲላ ላሳይ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርደው አየርና ዘይት ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ንፋስ ይከልላል፤ ቀድሞ የሚቃጠለውም ይኸው ሲሊንደር ነው። ፋብሪካው ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ወደ ኋላ አውጥቶ የራሱን የአየር መንገድ ሠራለት። የእኔን የሚጠግነው መካኒክ ከፈራረሰ መኪና የተገኘውን ይህንኑ አዲሱን ቤት በአሮጌው ሞተር ላይ ገጠመው። የጎደለውን ላሜራ የሰፈር ቆርቆሮ ሠሪ ቆረጠልን። ትኩሱን አየር ከቀዝቃዛው የሚለየው ላስቲክ ከአሮጌ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተበጀ። ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ ስንወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፤ ስለዚህ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በምትጠብ ተካናት። ጭሱ ቀነሰ፤ ዳገቱም ቀለለ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር በሁሉም ይተካል ማለት አይደለም። የቤንዚን ቱቦ በውሃ ቱቦ አይተካም፤ ቤንዚን ያሟሟዋል፣ በጋለ ሞተር ላይም ይንጠባጠባል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች ጥቂት አይደሉም። ፍሬንም እንዲሁ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች የፍሬን ዘይት በአንድ መስመር ብቻ ይሄድ ነበር፤ አንዱ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። በኋላ መስመሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ያቆማል። ሥልጣንን ስለ መከፋፈል የሚነገረውን ሁሉ በአጭሩ ለመረዳት የሚሻ ሰው ይህን መመልከት ይበቃዋል። እኔም ፍሬኔን ባለ ሁለት መስመር አድርጌ፣ የፊቱን ከዚያው ቤተሰብ በተገኘ ዲስክ አስለውጬአለሁ።

ለዓመታዊው ምርመራ ስቀርብ ግን የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ተመሳከረ፤ ቀለሙም ታየ። ፍሬኑ «ከፋብሪካ እንደወጣው አይደለም» ተብሎ ተመለስኩ። ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚያቆም የለካ ሰው አልነበረም። ከእኔ ቀጥሎ የቀረበው መኪና ታምቡሩ ያለቀ፣ ዘይቱ የጠቆረ፣ ነገር ግን ሁሉም ነገሩ «ኦሪጅናል» ስለሆነ ቦሎውን ለጥፎ ሄደ። ሕግ የመኪናን ደኅንነት ትቶ መምሰሉን ብቻ ሲመረምር ውጤቱ ይኸው ነው። ጥሩ የሠራው ይደበቃል፤ ያልሠራው ያልፋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተለወጠ ዕቃ በአሠራሩ ይፈተን፤ ፍሬን በማቆሙ፣ መብራት በማሳየቱ። ሁለተኛ፣ ለውጡን ማስመዝገብ የሚቻልበት ግልጽና ርካሽ ሥርዓት ይኑር። ሦስተኛ፣ ከሶማሌ ተራ እስከ ዲላ ያሉ ጋራዦችና የቶርኖ ቤቶች የያዙት ሙያ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ይመዘን፣ ይሰጥም።

የኤሌክትሪክ መኪና ተቃዋሚ አይደለሁም። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 አሮጌ ቮልስ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ተገጥሞ አሳይቷል። ይህም ቢሆን ያው ምትክ ዕቃ ነው! ይሁን እንጂ ነገ የዛሬዎቹ ባትሪዎች ሲደክሙ የሚከፍታቸው፣ የሞተውን ክፍል ከሕያው የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ዛሬ ካርቡራተር ከሚፈታው ልጅ ነው የሚወጣው።

በጌዴኦ ያረጀ ቡና ይጎነደላል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተተካ ማሳው ትውልድ ተሻግሯል። ይህንን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ገበሬው የትኛው እንደሚቆረጥና የትኛው እንደማይነካ ያውቃል። ፖሊሲ አውጪዎቻችንም አገር ሁሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ እንደማይተከል ቢያውቁልን መልካም ነበር።

ቸር እንሰንብት።