የግቢያችን የውኃ ሒሳብ

ውኃ የፈጣሪ ስጦታ ቢሆንም ቧንቧው የሚቆመው በገንዘብ ነው። በ1963 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የለገዳዲንና የገፈርሳን ውኃ አጣርቶ በቆጣሪ ያከፋፍላል። ታሪፉም ድኻን ለመርዳት ሲባል ጥቂት ለሚቀዳ የረከሰ፥ ብዙ ለሚቀዳ የተወደደ ነው። ነገር ግን ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲቀዳ፥ የሁሉም ጥቂት ተደምሮ ወደ ውዱ ዋጋ ይወጣል።

በሲኒማ ራስ አጠገብ ባለው ግቢያችን ሰባት ቤቶች ሒሳቡን እኩል ሲካፈሉ፥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ዘጠኝ ነፍስ ካለበት ቤት ጋር ይተካከሉ ነበር። ይህ ቅን ፍርድ አይደለምና በነፍስ ወከፍ እንዲሆን አሳሰብሁ፤ ጎረቤቶቼም ተስማሙ። የመጸዳጃውን መምጠጫ መኪና ኪራይም እንዲሁ አደረግን።

ከተማም እንደ ግቢ ናትና፥ ታሪፍ የሚወስን ሹም ቆጣሪውን ብቻ ሳይሆን ከቆጣሪው የሚጠጣውን ነፍስ ጭምር ቢቈጥር መልካም ነው።