«እነሱ» እነማን ናቸው?

እኛ የዓለምን ፖለቲካ የምንከታተለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እንደማንኛውም ሰው በስልካችን ነው። ሁለተኛው በዘይት ጀሪካን ነው። ከሁለቱ የቱን ታምናላችሁ ብትሉን ሳናመነታ ጀሪካኑን እንመርጣለን። ስልክ ያጋንናል፣ ይዋሻል፣ ሲብስም ባትሪው ያልቃል። ጀሪካን ግን ዝም ብሎ ዋጋውን ይነግራችኋል።

ማስረጃ ይቅረብ ካላችሁ ይኸው። የካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ዩክሬን የሱፍ ዘይት ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም አንደኛ እንደነበረች የሰማነው ከጂኦግራፊ አስተማሪያችን ሳይሆን ከባለሱቃችን ነው። ሁለት ወር አለፍ እንዳለ ደግሞ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይቷ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች። እገዳው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ግንቦት ላይ ተነሳ። ኅዳር 2016 የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ማገትና መምታት ሲጀምሩ፣ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ስዊዝን ትተው በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ መዞር ያዙ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ባሕርና ይሄ ሁሉ ጦርነት ዞሮ ዞሮ መጥቶ የሚያርፈው የት መሰላችሁ? ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ጎን ያለችው ባለ አንድ በር ሱቅ መደርደሪያ ላይ።

በቤታችን የመላላክ ሥልጣን ለእኛ ተሰጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ እንገዛለን፣ የመብራት ካርድ እናስሞላለን፣ ሸማቾች ዘንድ ስኳር መጣ ከተባለ ሮጠን ሰልፍ እንይዛለን፣ ዝርዝር የለም ሲባል በመልስ ፋንታ ማስቲካ ተቀብለን እንመለሳለን። (እስካሁን የተቀበልነው ማስቲካ ቢጠራቀም አንድ ኪሎ ሥጋ ይገዛ ነበር።) መላላክ ክብር የሌለው ሥራ ቢመስልም አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው ስለ ዓለም ምን እንደሚያስብ በሰልፍ ላይ ያለ ክፍያ ይሰማል። ከሰልፉ መልስ ደግሞ የግቢያችንን ልጆች ቁጭ ብሎ ማየት አለ። ዛሬ የምናወራችሁም ከዚያ ያገኘነውን ነው።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ነው። ሐምሌ 22፣ ሰኞ ቀን፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ ይወሰናል አለ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ባንክ ውስጥ 74 ብር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ዘለለ። በዚያው ሰኞ ዋሽንግተን ያለው አይኤምኤፍ በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጸደቀ። እኛ ማክሰኞ ዘይት ልንገዛ ሄድን። እሑድ አቧራ ለብሶ ያየነው ጀሪካን ማክሰኞ ሌላ ዋጋ ነበረው። ጀሪካኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። አቧራውም አልተጠረገም።

ክረምት ነውና ልጆቹ ትምህርት የላቸውም። ዝናቡ ሲበረታ በረንዳው ሥር ሱቅ ከፈቱ። አሸዋው ስኳር ነው፤ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ የተሞላው ጭቃ ውሃ ዘይት ነው፤ ቅጠሉ ብር ነው። ባለሱቋ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ግቢው መግቢያ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ደንበኛው ስምንት ዓመቱ ነው።

«ዘይት ስጪኝ።»

«ጨምሯል።»

«ስንት ገባ?»

«ስድስት ቅጠል።»

«ትናንት አራት አልነበር እንዴ?»

«ጨምሯል አልኩህ እኮ!»

«ማን ነው የጨመረው?»

ባለሱቋ ወዲህ ወዲያ አየች። «እነሱ» አለች።

«እነሱ እነማን ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እነሱ ናቸዋ!» ብላ ማዳበሪያውን ጋረደችና ሱቋን ዘጋች።

እኛ ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ሳቁ አልጥመን አለ። ልጅቷ ይህችን ቃል ከራሷ አላመጣቻትም፤ ከእኛ ከትልልቆቹ ነው የወሰደቻት። ባለሱቁን ብትጠይቁት ጅምላ ሻጩ ጨመረብኝ ይላል። ጅምላ ሻጩ አስመጪውን፣ አስመጪው ዶላሩን ያሳብባል። የታክሲ ረዳቱ ነዳጅ ይላችኋል። ቡና ላይ የተቀመጡት አባቶች አሜሪካ ይላሉ፤ ከጎናቸው ያሉት ቻይና ይላሉ፤ ጥግ ላይ ያሉት ደግሞ መንግሥት ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁሉም መልስ ውስጥ እውነት አለ። ሁሉም መልስ ውስጥ የሌለ አንድ ሰው ግን አለ፤ እሱም መልሱን የሚሰጠው ሰውዬ ራሱ ነው።

የልጆች ጨዋታ ነው ብላችሁ ልታልፉት ከሆነ ትንሽ ቆዩን። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ጄኔቭና ኑሻቴል ውስጥ ብይ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር እየተቀመጠ፣ ጨዋታውን የማያውቅ መስሎ «እስቲ አስተምሩኝ» ይላቸው ነበር። ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1932 በመጽሐፍ አወጣው። ሕጉን ማን አወጣው ሲላቸው ከትንንሾቹ መካከል አባቶች፣ የከተማው ሹሞች፣ እግዚአብሔር ያሉት ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ አይነካም። (ሲጫወቱ ግን እንዳሻቸው ነው!) አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው ደግሞ ሕጉን የምናወጣው እኛ ነን፤ ሁላችን ከተስማማን ይቀየራል አሉት። እንግዲህ ማደግ ማለት በፒያዤ ዓይን ቁመት መጨመር ብቻ አልነበረም። ከ«እነሱ» ወደ «እኛ» መሻገር ነበር።

የሚገርመው የመንግሥታት ማኅበርም የሚሰበሰበው እዚያው ጄኔቭ ነበር። መጽሐፉ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ መድረክ ላይ ቆሙ፤ የጣሊያን ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። ማኅበሩ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ነገር ግን ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም። ከንግግሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ያው ማዕቀብ እንዲነሳ ተወሰነ። ይህን ማን አደረገው ሲባል አብዛኞቻችን ማኅበሩ ነው ብለን እናልፋለን። ማኅበሩ ማለት እኮ «እነሱ» ማለት ነው። ሰዎቹ ግን ስም ነበራቸው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት ተስማምተው ነበር። ምስጢሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሆር ከሥልጣኑ ለቀቀ። ስም ሲጠራ እንዲህ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ልጆቻችን መላእክት ናቸው ልንላችሁ አይደለም። ይገፋፋሉ፣ ያገልላሉ፣ የአራት ዓመቱን ልጅ ያጫውቱትና ቢያዝም ቢያመልጥም አይቆጥሩለትም። ኳስ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ፔናሊቲ ከተሰጠበት ኳሱን አቅፎ ቤቱ ይገባል። ይህ ማለት እንግዲህ የጸጥታው ምክር ቤት ነው! አሥራ አምስት አባል፣ ኳስ የያዙ አምስት። አገራችንም ሦስት ጊዜ ተመርጣ ገብታበታለች፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ነው። ኳስ ግን አልነበራትም።

ሆኖም በግቢያችን ጨዋታውን ያቆመው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ልጆቹ በሩን ያንኳኳሉ። «ለምን ይዘህ ገባህ?» ይሉታል። አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ አይወጣም። መጠየቁን ግን አይተዉትም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ትንሽ የተማሩ ይመስላል። ሚያዝያ 2014 ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ውሳኔ አሳለፈ፤ ከእንግዲህ አንድ አገር ድምፅን በድምፅ ከሻረ፣ ጉባኤው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ተሰብስቦ በጉዳዩ ይነጋገራል፤ የሻረውም አገር መጥቶ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጋበዛል። ሐሳቡን ይዛ የመጣችው ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ የሆነው ሊክተንስታይን ናት። ውሳኔው የማንንም ኳስ አልቀማም። በሩን ማንኳኳት ግን ደንብ ሆነ። ያ የስምንት ዓመት ደንበኛ የጠየቀው ጥያቄ ኒው ዮርክ ገባ ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ልብስ ሰፊዋ እናት ልጇ ሱቅ የዘጋችበትን ምክንያት ሰምታ ኖሮ፣ የቁልፍ ቆርቆሮዋን አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። «ነይ ሚጡ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በይ» አለቻት። ትልቁ ጥቁር ቁልፍ ዘይቱ የሚመጣበት አገር ሆነ። ከዚያ መርከቡ፣ ከዚያ ዶላሩ፣ ከዚያ አስመጪው፣ ከዚያ መኪናው፣ ከዚያ ባለሱቁ። መጨረሻ ላይ ትንሿ ነጭ ቁልፍ የእነሱ ድስት ሆነች። እኛ ሱሪያችንን ልናሳጥር ሄደን ቆመን አየን።

«ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል» አለች እናት።

«ክፉ ስለሆኑ ነው?»

«አንዳንዱ ስለተጨመረበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላው ስለጨመረ ነው።»

ልጅቷ ቁልፎቹን ስታያቸው ቆየችና፣ «ታዲያ እኛ የምናውቀው የቱን ነው?» አለች።

«ባለሱቁን ነዋ» አለች እናቷ።

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ደረስንባት። እኛ ዳቦ ልንገዛ፣ እሷ ግማሽ ሊትር ዘይት ልትገዛ። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዘይት የድሮው ነው የአዲሱ?» አለችው። ሰልፉ ዝም አለ። ከእኛ መሀል ይህን ሊጠይቅ የፈለገ ስንት ሰው ነበር መሰላችሁ! ባለሱቁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ጎንበስ አለላት።

«የድሮው ነው ሚጡ። ግን በድሮው ዋጋ ከሸጥኩልሽ አዲሱን የምገዛበት ብር ከየት ላምጣ? ስለዚህ እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ዋጋውን አልቀነሰላትም። እሷም አልተከራከረችም። ዘይቷን ይዛ ሄደች። መልሱ ትክክል ነው አይደለም ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ ሰልፉ ላይም ተከራክረናል። አንዱ ሌባ ነው አለ፤ አንዷ ደግሞ እውነቱን ነው፣ እኔም ጉሊቴ ላይ እንዲሁ ነው የማደርገው አለች። ለመከራከር የቻልነው ግን ሰውዬው «እኔ ነኝ» ስላለ ነው። ከ«እነሱ» ጋር ማን ይከራከራል?

ይህን ሁሉ የምንዘባርቀው ለዘይት ብለን ብቻ አይደለም። በስድስት ዓመቱ «እነሱ ናቸው» ብሎ ሱቁን መዝጋት የለመደ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ መስኮት ኋላ ተቀምጦ «ሲስተም የለም» ይለናል። ትንሽ ከፍ ሲል «ከበላይ የመጣ ነው» ይላል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ዓለም አቀፍ ሁኔታው አስገድዶን ነው ይላል። ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚለወጠው ወንበሩ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ሁኔታ እውነት ያስገድዳል፤ መርከቡም ጦርነቱም ዶላሩም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከጥቁሩ ቁልፍ እስከ ነጩ ቁልፍ ድረስ በየቦታው አንድ ሰው ቆሟል፤ ያ ሰው የሚወስናት ትንሽ ነገር ደግሞ አትጠፋም።

ለልጅ ጥቁር ባሕርንና የአይኤምኤፍን ብድር ማስረዳት ከባድ ነው ትሉን ይሆናል። በቁልፍ ሲሆን ሩብ ሰዓት ነው የወሰደው። ሱሪያችን እስኪያጥር እንኳ አልቆየም። እናም ቤታችሁ ያለው ልጅ «ማን ነው የጨመረው?» ሲላችሁ፣ ሩቅ ያሉትንም ቅርብ ያሉትንም በየስማቸው ቁጠሩለት። ከሰንሰለቱ ውስጥ የእናንተ ቁልፍ ካለችም አትዝለሏት።

ቸር ሰንብቱ። እኛ ሸማቾች ስኳር መጥቷል ተብሏልና ወደ ሰልፍ ሄደናል።