የዔሊ ርስት

ባለፈው ሰንበት ትንሺቱ ልጄ፤ «አባባ፥ ዔሊ በውኃ እየኖረች እንቁላሏን ስለ ምን በየብስ ትጥላለች?» ስትል ጠየቀችኝ። እንቁላሉ ውኃ ከዋጠው አየር አጥቶ ይጠፋልና ነው አልኋት። የባሕር ዔሊስ ብዙ ዓመት ከርማ ለመውለድ ስትደርስ፥ ራሷ ወደ ተፈለፈለችበት ዳርቻ ትመለሳለች፤ ይህ ከርስት በቀር ምን ይባላል? በዳርቻው ሆቴል የተሠራ እንደ ሆነ ግን ጫጩቶቹ በሌሊት ብርሃን ወዳለበት ይሄዳሉና፥ ባሕሩን ትተው መብራቱን ይከተላሉ።

እኔ በድባጤ ፍርድ ቤት የመሬት ክርክር ስጽፍ አዋሳኙን በአራቱ ማዕዘን እመዘግባለሁ፤ ዔሊ አዋሳኝ ተብላ አላየሁም። በዚሁ በመተከል፥ በጉባ፥ በ2012 ዓ.ም. ውኃ መያዝ የጀመረው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ አዲስ ዳርቻ አበጅቷል። በዓባይ ተፋሰስ የምትኖረው ቅርፊተ ለስላሳ ዔሊም እንቁላሏን የምትቀብረው በውኃ ዳር አሸዋ ነው። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፥ በበጋ ይጎድላል፤ ስለዚህ ካርታው በሁለቱም ወራት ሊነሣ ይገባል፤ ይኸውም የእንግዳ ማረፊያ ሳይሠራ፥ ዓሣ አጥማጆቹን እየጠየቁ ነው።

ልጄ ይህን ሰምታ በደብተሯ ሐይቅ ሣለች፤ በዳሩም «አዋሳኝ፥ ዔሊ» ብላ ጻፈች።