ሰላጣ በየወራቱ፤ በሽሮ ሜዳ ገበታ የተገኘ ምክር

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ሽሮ ሜዳን ያገኛል። የሰፈሩ ስም የወጥ ስም ሲሆን ዝናው ግን በሸማ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔዎች የሠሩት ቀሚስ፥ ነጠላና ጋቢ በየሱቁ ተሰቅሎ ይታያል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሏልና፥ እኛም በጥር ወር ከበዓሉ አስቀድሞ ለቤተ ሰባችን ልብስ ለመግዛት ወደዚያው ወጣን።

ከግዢያችን በኋላ በሰፈሩ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን ምሳ እንድንበላ አስቀሩን። ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበረ ገበታው የጾም ነው። በሽሮው ዙሪያ አዚፋ፥ የቲማቲም ሰላጣና ሽንኩርት የተሞላ የቃሪያ ሥንግ ቀርቦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሰላጣ የውጭ አገር ምግብ መሆኑን ቢናገር፥ ወይዘሮዋ ፈገግ ብለው፥ «ስሙስ ከባሕር ማዶ ይምጣ፤ ታዲያ ይህ አዚፋ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት።

የአዚፋቸውም አሠራር እንዲህ ነው። 2 ኩባያ ድፍን ምስር ተቀቅሎ ይጠነፈፍና ከቀዘቀዘ በኋላ በመጠኑ ይደቆሳል። ከዚያም 1 ሽንኩርትና 2 ቃሪያ ደቅቀው ተከትፈው፥ የ1 ሎሚ ጭማቂ፥ 2 ማንኪያ ዘይትና ጨው ይጨመሩበታል። በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ 1 ማንኪያ ሰናፍጭ በመጨረሻ ይገባል፤ ሙቀት የሰናፍጭን ኃይል ያጠፋዋልና ምስሩ ሳይበርድ አይጨመርም።

ወይዘሮዋ በክረምት ጥሬ ቅጠል ከገበታቸው አያቀርቡም። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር የልጅ ልጃቸው በሚገባ ያልታጠበ ሰላጣ በልታ በጽኑ ታምማ እንደ ነበረ ነገሩን። ነገሩ እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር ከሚበቅለው አትክልት አንዳንዱ የከተማው ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውኃ ይጠጣል፤ በዝናብም ወራት ጭቃው በቅጠሉ እጥፋት ይሸሸጋል። ሎሚና ኮምጣጤ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ የበሽታውን ዘር ሁሉ አይገድሉም። ስለዚህ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተለያይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ሊታጠብ ይገባዋል፤ ቅጠሉ የበቀለበት ስፍራ ሲያጠራጥር ግን መቀቀል ይሻላል።

እንግዲህ ለክረምትና ለፍልሰታ ጾም የሚስማማው የቀይ ሥር፥ የድንችና የካሮት ሰላጣ ነው። ቀይ ሥሩ ከነልጣጩ ቢቀቀል ቀለሙ አይፈስም፤ ድንቹም ሁሉ እንዳይቀላ ቀይ ሥሩ በመጨረሻ ይቀላቀላል። በበጋ፥ ጥሩ ቲማቲም ሲገኝ፥ ቅጠሉና ቲማቲሙ ይቅረቡ፤ ነገር ግን ጨው ውኃውን አውጥቶ ቅጠሉን ያጠወልጋልና ጨውና ሎሚው የሚጨመረው እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ ነው። 55 ቀን ተጾሞ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ፥ ከሥጋው ጎን የተቀቀለ ዕንቁላል ያለበት ቅጠል ሰላጣ የቅባቱን ክብደት ያቀልላል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ እንግዳን በብዙ ዓይነት ምግብ ማክበር መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን ሠራተኛይቱ የምታጥብበትን ውኃ የቤቱ ባለቤት ራሱ ካልተመለከተ፥ ያማረው ገበታ ልጆቹን ሊጎዳ ይችላል። እኛም ከሽሮ ሜዳ ከተመለስን ወዲህ፥ ዝናብ ሲጀምር ጥሬውን ቅጠል ትተን ቀይ ሥርና አዚፋ እናቀርባለን፤ እስካሁንም ቅር ያለው እንግዳ አልገጠመንም።